ኮሌጁ ከከለከለ እኔ በገዛ ቤቴ ለምን አልከለክልም?

ይድረስ ለምክር ዓምዱ፣

የ58 ዓመት ሴት ነኝ። ሚኒሶታ ከገባሁ 22 ዓመት ሆኖኛል። ቤታችን ሁለት በር፣ ሁለት ኩሽና ያለው ነው። ባለቤቴ ካረፈ በኋላ ታቹን እየኖርኩበት ላዩን አከራያለሁ። የቤቱ ዕዳ የሚከፈለው በዚያ ኪራይ ነው።

ላይ ቤት ያለው የ27 ዓመት የአገራችን ልጅ ነው። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ናቸው ያገናኙን። ማታ ማታ ኡበር ይሠራል። ኪራይ አንድ ቀን አሳልፎ አያውቅም። በረዶ ሲጥል ሳልጠይቀው ደጁን ይጠርግልኛል። “እትዬ” እያለ ነው የሚጠራኝ። ለፋሲካ ዶሮውን አብረን ነው የፈሰክነው።

ባለፈው ወር “እትዬ፣ የመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ ይፈሳል” ብሎ ቴክስት ላከልኝ። በማግስቱ የቧንቧ ሠራተኛ ይዤ ወጣሁ። እሱ አልነበረም። መስታወቱ ሥር፣ ከጥርስ ብሩሹ ጎን፣ ጥቁር ሽጉጥ ተቀምጧል። ጉልበቴ ከዳኝ። ሠራተኛው አይቶ ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ። እስከ ዛሬ ዝም እንዳልኩ ነኝ።

መሳሪያ አይቼ የማላውቅ ሰው አይደለሁም። ጎጃም ነው ያደግሁት። አባቴ ቤት ምንሽሩ ምሰሶው ላይ ተሰቅሎ ነው ነፍስ ያወቅሁት። ይሄ ግን ሌላ ሆነብኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ የአራት ዓመት የልጅ ልጄ ትመጣለች። ደረጃውን እየሮጠች ወጥታ በሩን ትደበድባለች፤ እሱም ከረሜላ ይሰጣታል። አሁን ሌሊት ሲገባ ኮቴውን እየሰማሁ እነቃለሁ። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የለም።

የመጨረሻው ልጄ 19 ዓመቱ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ዶርም ውስጥ ይኖራል። ሲገባ የፈረመውን ወረቀት አይቼዋለሁ፤ መሳሪያ ክልክል ነው ይላል። ቨርጂኒያ ያለችው የአክስቴ ልጅም ቤቷን ስታከራይ “መሳሪያ አይገባም” ብላ ታስፈርማለች። ታዲያ እኔ በገዛ ቤቴ ለምን አልችልም? ውሉ ነሐሴ ላይ ያልቃል። አዲሱ ላይ ላስገባው? ወይስ “ወንድሜ ከአገር ቤት ሊመጣብኝ ነው” ብዬ በሰላም ላስወጣው? ልጁን እወደዋለሁ። ላስቀይመው አልፈልግም።

ግራ የገባኝ እናት፣ ከሚኒሶታ

* * *

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለቴም ዓይኔ የቆመው ከጥርስ ብሩሹ ጎን ነው። እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ግን አዲሱን ውል ከመጻፍዎ በፊት ማወቅ ያለብዎትን ልንገርዎ፤ ደስ እንደማይልዎት አውቃለሁ።

ሚኒሶታ ውስጥ አከራይ፣ ተከራዩም ሆነ የተከራዩ እንግዳ በሕጋዊ መንገድ የያዘውን መሳሪያ መከልከል አይችልም። ይህ የተጻፈው በስቴቱ የመሳሪያ ፈቃድ ሕግ ውስጥ ነው። ሕጉ በፈረንጆቹ 2003 ወጣ፣ ፍርድ ቤት አወጣጡ ላይ ጉድለት አግኝቶ ጣለው፣ በ2005 እንደገና ጸደቀ። እናንተ ጋ የሱቅና የምግብ ቤት በር ላይ “እዚህ ሕንፃ ውስጥ መሳሪያ ክልክል ነው” የሚል ትልልቅ ጥቁር ፊደል ያለው ማስታወቂያ ሳያዩ አይቀሩም። ያ ማስታወቂያ የመጣው ከዚሁ ሕግ ነው። የፊደሉ ቁመት እንኳን ከአንድ ኢንች ተኩል እንዳያንስ ተደንግጓል። ባለ ሱቁ እንዲህ መለጠፍ ይችላል። አከራይ ግን እዚያው ክፍል ውስጥ ተለይቶ “አይችልም” ተብሏል። ስለዚህ አዲሱ ውል ላይ የሚያስገቡት መስመር ልጁን አያስርልዎትም። እርስዎን ግን ክርክር ውስጥ ሊከትዎ ይችላል።

“በገዛ ቤቴ” ያሉት ነገር ልቤን ነክቶታል። ሃያ ሁለት ዓመት የለፉበት ቤት ነው። ሕጉ እዚህ ላይ የሚለየው ባለቤቱን ሳይሆን የሚኖርበትን ሰው ነው። የግል መኖሪያን በሚመለከት፣ ቤቱን በሕጋዊ መንገድ የያዘው ሰው መሳሪያ እንዳይገባበት መከልከል ይችላል ይላል። ታች ቤት ያ ሰው እርስዎ ነዎት። “ቡና ልትጠጣ ስትመጣ ሽጉጥህን ይዘህ አትግባብኝ” ማለት ሙሉ መብትዎ ነው። ላይ ቤት ግን ውሉ እስካለ ድረስ ያ ሰው እሱ ነው።

ኮሌጁስ? የሚገርመው፣ ያው ሕግ የመንግሥት ኮሌጆች ተማሪዎቻቸው በግቢያቸው ውስጥ መሳሪያ እንዳይዙ መገደብ እንደሚችሉ ይፈቅዳል። የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲም በግቢው ከልክሏል። የልጅዎ ወረቀት ያለ ሕግ የተጻፈ አይደለም። እኔ እንደሚመስለኝ ልዩነቱ ትርጉም አለው። ዶርም ውስጥ ተማሪው ከማን ጋር እንደሚተኛ ብዙ ጊዜ አይመርጥም። በሩ ሲከፈት ሲዘጋ ይውላል። አብዛኞቹ ገና ከእናታቸው ቤት የወጡ ልጆች ናቸው። ያም ሆኖ ነገሩ በየስቴቱ አከራክሯል። አይዳሆ ውስጥ በዩኒቨርሲቲው የቤተሰብ መኖሪያ ይኖር የነበረ የሕግ ተማሪ “ይህ እኮ መኖሪያ ቤቴ ነው” ብሎ ከሶ ነበር። በ2011 ዳኛው ለዩኒቨርሲቲው ፈረዱ። በዚያው ዓመት የቨርጂኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ በሕንፃዎቹ ውስጥ መሳሪያ መከልከሉን ደገፈ። ኮሎራዶ ላይ ደግሞ በ2012 የስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፈቃድ ያላቸውን ሰዎች መከልከል አትችሉም ሲል፣ የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ፈቃድ ላላቸው ተማሪዎች የተለየ መኖሪያ አዘጋጀና ሌሎቹን ዶርሞች ከመሳሪያ ነጻ አድርጎ ቀጠለ።

የአክስትዎ ልጅም አልተሳሳተችም። በብዙ ስቴቶች የግል አከራይ እንዲህ ያለ መስመር ውሉ ላይ ማስገባት ይችላል። መሳሪያ የመያዝ መብትን የሚደነግገው የሕገ መንግሥቱ ሁለተኛ ማሻሻያ የሚያስረው መንግሥትን ነውና። ለዚህም ነው አከራዩ መንግሥት ሲሆን ነገሩ የሚገለበጠው። ኢስት ሴንት ሉዊስ ውስጥ በ2019 የፌደራል ፍርድ ቤት የመንግሥት ቤቶች አስተዳደር ተከራዮቹን መሳሪያ እንዳይከለክል አግዶታል። የግል አከራይን እጅ በራሳቸው ሕግ ያሰሩት ስቴቶች ጥቂት ናቸው። ቴክሳስ ከ2019 ጀምሮ አንዷ ናት። የእርስዎ ሚኒሶታ ሌላዋ። ዘመድ ከሌላ ስቴት የሚነግረንን ይዘን ውል ስንጽፍ የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የፍቺው፣ የውርሱ፣ የኪራዩ ሕግ ሁሉ ድንበር ሲሻገሩ ይለያል።

ይህን ያህል ስለ ሕጉ ያወራሁት በሩ በዚያ በኩል የተዘጋ መሆኑን አውቀው እንዲያርፉ ነው። አሁን ወደ እርስዎ ልመለስ።

አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ መልሱን ለእኔ ሳይሆን ለራስዎ ይመልሱት። ያስደነገጠዎት ሽጉጡ ነው ወይስ ልጁ ሳይነግርዎት መቆየቱ? ዶሮ አብረው የበሉት፣ በረዶ የሚጠርግልዎት ልጅ አለ። ከዚያ ደግሞ መስታወቱ ሥር የማያውቁት አንድ ሌላ ሰው ያዩ ይመስለኛል። የአባትዎን ምንሽር ያስታውሱ። የማን እንደሆነ፣ ለምን እንደተሰቀለ፣ ማን እንደሚያወርደው ቤተሰቡ ሁሉ ያውቅ ነበር። ልጅ እጁን ቢያነሳ የሚቆጣው ሰው እዚያው ቤት ነበር። እዚህ ግን አንድ ወር ሙሉ ኮቴ ብቻ ነው የሚሰሙት። የማያውቁት ነገር ደግሞ ሌሊት ላይ ይበልጥ ይከብዳል።

ልጁስ ለምን የያዘው ይመስልዎታል? ላውቅለት አልችልም። ግን ማታ ሥራው መኪና ላይ ነው። የማያውቀውን ሰው ከኋላው አስቀምጦ ሲነዳ ያድራል። ምናልባት አንድ ማታ የሆነ ነገር ደርሶበት ይሆናል። ለእናቱ ስልክ ሲደውል የማይነግራት፣ ለእርስዎም እንዳያስደነግጥዎት የደበቀው። ሰው በዚህ ዕድሜው ሽጉጥ ሲገዛ ብዙ ጊዜ ከኋላው ፍርሃት አለ። ስለዚህ ይህን ነገር ስታነሱ ሁለታችሁም የፈራችሁ ሰዎች ሆናችሁ ልትነጋገሩ ትችላላችሁ።

“ወንድሜ ሊመጣ ነው” የሚለውን ግን ይተዉት። በመካከላችሁ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች አሉ። ወንድምዎ ሳይመጣ ሲቀር፣ ላይ ቤት ሌላ ሰው ሲገባ፣ ልጁ ምን እንዳደረገ አያውቅም፤ እሱን ያመጡልዎት ሰዎችም አያውቁም። እርስዎም ቤተ ክርስቲያን በተገናኛችሁ ቁጥር ዓይንዎን ሊሰብሩ ነው። ውሉን አለማደስ ሌላ ነገር ነው። ጊዜው ሲያልቅ አከራይ የሚኖረው ነጻነት አለ፤ አንዳንድ ከተሞች ግን የራሳቸውን ደንብ ጨምረውበታል። ምክንያቱ ሽጉጡ መሆኑ በግልጽ ከታወቀ ደግሞ የተከለከለውን ነገር በጓሮ በር ማስገባት ይሆናል። ወደዚያ ካዘነበሉ በፊት አንድ የኪራይ ጠበቃ ያነጋግሩ። የስቴቱ ጠቅላይ አቃቤ ሕግ ቢሮ ስለ አከራይና ተከራይ መብት ያሳተመው መጽሐፍም በነጻ ይገኛል፤ ልጅዎ ያወርድልዎት።

ንግግሩን እንዴት እንደሚጀምሩት ልንገርዎ። ማታ ከሥራ ሲገባ ደረጃ ላይ አይያዙት። ነቅቶ፣ ፊቱን ታጥቦ፣ ገና ወደ ሥራ ሳይወጣ ቀን ላይ ቡና አፍልተው ይጥሩት። ልጅቷ በሌለችበት ቀን ይሁን። ከዚያ ያዩትን እንዳለ ይንገሩት። “ልጄ፣ ቧንቧው የተሠራ ቀን መታጠቢያ ቤትህ ውስጥ ሽጉጥ አየሁ። እስከ ዛሬ ዝም ያልኩት ምን እንደምልህ ስላላወቅሁ ነው። ደንግጫለሁ። ምን ሆነህ ነው የገዛኸው?” ይበሉትና ዝም ይበሉ። ቡናውን ይቅዱ። እሱ ይናገር።

ምናልባት “ለምን ገቡ?” ብሎ ቅር ሊለው ይችላል። ቧንቧውን የነገረዎት እሱ ነው፤ የሚወጡበትን ሰዓት ቀድመው ነግረውት ነበር? ከ2024 መግቢያ ጀምሮ ሚኒሶታ ውስጥ አከራይ ለመግባት ቢያንስ የ24 ሰዓት ማስታወቂያ መስጠት አለበት፤ የሚገባውም ከጠዋቱ 2 እስከ ማታ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ካልነገሩት “እሱስ ጥፋቴ ነው፤ ከእንግዲህ ሳልነግርህ አልወጣም” ይበሉት። እርስዎ ያችን ካመኑ እሱም የራሱን ለማመን ይቀለዋል።

አሁን ወደ ጥርስ ብሩሹ። እኔን ያስጨነቀኝ ይህ ነው። ሽጉጥ መያዙ መብቱ ነው፤ መታጠቢያ ቤት መደርደሪያ ላይ ጥሎት መውጣቱ ግን የመብት ነገር አይደለም። የአራት ዓመት ልጅ በርጩማ ስባ የምትደርስበት ቦታ ነው። የሚኒሶታ ሕግ እዚህ ላይ ከእርስዎ ጋር ነው። ልጅ ሊያገኘው እንደሚችል እያወቁ ጥይት የጎረሰ መሳሪያ ያለ ጥበቃ መተው ወንጀል ነው፤ ልጅ የሚባለውም ከ18 ዓመት በታች ያለ ሁሉ ነው። የልጅ ልጅዎ በሩን እንደምትደበድብ ደግሞ ልጁ ከማንም በላይ ያውቃል። ከረሜላውን የሚሰጣት እሱ ነውና። ይህን በማስፈራሪያ አይንገሩት። ስሟን ጠርተው “እሷን አስባት” ይበሉት። የሚወዳት ከሆነ ከአንቀጹ ይልቅ ይሄ ይገባዋል።

የሚጠይቁት ነገር ግልጽ ይሁን። በቁጥር ወይም በጣት አሻራ የሚከፈት ትንሽ ካዝና ይግዛ፤ ጥይቱ ለብቻው ይቆለፍ። ቁም ሳጥኑ ወለል ላይ በብሎን እንዲያስረው ይፍቀዱለት፤ አከራይ ነዎትና ይህ ፈቃድ በእጅዎ ነው። ካዝናው እስኪመጣ መሳሪያው ላይ የሚገጠም ቁልፍ አለ፤ ብዙ የፖሊስ ጣቢያዎች በነጻ ይሰጣሉ። ካዝናውን እርስዎ ቢገዙለት እንኳን አያንስብዎትም፤ የእርስዎም እንቅልፍ እዚያ ውስጥ አለበት። ልብስ ማጠቢያው የጋራ ከሆነ እዚያም ከኪሱ አውጥቶ እንዳያስቀምጠው ይንገሩት። “እኔ ላስቀምጥልህ” ብቻ አይበሉት። የሌላ ሰው መሳሪያ ተቀብሎ መያዝ የራሱ ሕግ አለው፤ እዚያ ውስጥ አይግቡ።

የልጅቷን ነገር ግን ለእሱ ብቻ አይተዉ። ካዝናው ገብቶ በዓይንዎ እስኪያዩት ድረስ ደረጃው ለእሷ ይዘጋ። ከረሜላውን ታች ወርዶ ይስጣት። እናቷም ትወቅ። ምን አልባት ትቆጣለች፣ ሁለት ቅዳሜ ልትከለክልዎት ትችላለች። ያም ቢሆን ዛሬ ከእርስዎ ሰምታ ትቆጣ።

ለልጁ ሁለት ነገር እንደ እናት ይንገሩት። አንደኛው ሥራው ነው። ኡበር ከ2015 ጀምሮ ሾፌሩም ተሳፋሪውም መኪናው ውስጥ መሳሪያ እንዳይዙ ከልክሏል። ማታ ይዞት የሚወጣ ከሆነ እንጀራውን ሊያጣ ይችላል። ሁለተኛው ወረቀቱ ነው። ግሪን ካርድ ያለው ሰው መሳሪያ መያዝ ይችላል፤ በጉብኝት ወይም በተማሪ ቪዛ ያለ ሰው ግን በጥቅሉ አይፈቀድለትም። ዜጋ ላልሆነ ሰው ደግሞ ከመሳሪያ ጋር የተያያዘ የወንጀል ፍርድ ከአገር እስከ መባረር ያደርሳል። አንድ የማታ ጠብ፣ አንድ የፖሊስ ፍተሻ የስንት ዓመት ልፋት ሊያጠፋበት ይችላል። ይህን የሚነግረው ሰው አጠገቡ ላይኖር ይችላል።

ሲያወራ ደግሞ ጆሮዎ ሌላም ነገር ያዳምጥ። ይተኛል? ይበላል? ጓደኛ አለው? ከአገር ቤት መጥፎ ወሬ ሰምቷል? በዚህ አገር በመሳሪያ ከሚሞቱት ሰዎች ከግማሽ የሚበልጡት ራሳቸውን ያጠፉ ናቸው። ማታ እየሠራ ቀን ብቻውን የሚተኛ ወጣት፣ አጠገቡ ሽጉጥ ካለ፣ ስለ እሱ መጨነቅ ተገቢ ነው። “መኖር ሰልችቶኛል” ዓይነት ነገር ከአፉ ከወጣ ቀጥታ ይጠይቁት፤ መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣበትም። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ለመጣበት ሰው በተዘጋጀው የእርዳታ ስልክ፣ 988 ላይ በማንኛውም ሰዓት መደወል ይቻላል፤ አስተርጓሚ ያቀርባሉ።

የእኔ ምክር የሚቀየረው መቼ ነው? ሰክሮ ሽጉጥ ካወጣ፣ እርስዎን ወይም ሌላ ሰው ካስፈራራ፣ ራሱን እንደሚጎዳ ከተናገረ ነገሩ የቡና ጨዋታ አይደለም። ያኔ 911 ነው። ከ2024 ጀምሮ ሚኒሶታ ውስጥ ፍርድ ቤት ለራሱ ወይም ለሌላ አደገኛ ከሆነ ሰው ላይ መሳሪያውን ለጊዜው የሚያስወስድ ትዕዛዝ ይሰጣል። ቤተሰቡ፣ አብሮት የሚኖር ሰው፣ ፖሊስና አቃቤ ሕግ መጠየቅ ይችላሉ፤ እርስዎ ለፖሊስ ይነግራሉ። በሕግ መሳሪያ እንዳይዝ የተከለከለ ሰው፣ ለምሳሌ በከባድ የኃይል ወንጀል የተፈረደበት፣ ቤቱ ውስጥ ይዞ ከተገኘ ደግሞ የኪራይ ሕጉ ራሱ ውል እንደ ማፍረስ ያየዋል። ከጻፉልኝ ውስጥ ግን ይህን የሚያሳይ ምልክት አላየሁበትም። በረዶ የሚጠርግ፣ ኪራይ የማያሳልፍ፣ ዕቃው ቦታውን ያላገኘ ልጅ ነው ያየሁት።

ተነጋግራችሁ፣ ካዝናውም ገብቶ፣ አሁንም ሌሊት ኮቴውን ሲሰሙ የሚነቁ ከሆነስ? ያኔ ነሐሴ ላይ እውነቱን ነግረውት፣ ጠበቃ የነገረዎትን ይዘው፣ መለያየት ይችላሉ። ፍርሃትዎ ትንሽ ነገር ነው አልልዎትም። ኪራዩ የቤቱን ዕዳ እንደሚከፍል አውቃለሁ፤ ለአንድ ሁለት ወር ባዶ ቢሆን የሚሸፍኑት እንዳለዎት ከአሁኑ ያስሉ።

ነገ ግን ቴክስት ብቻ ይላኩለት። “ልጄ፣ ሐሙስ ቀን ቡና አፈላለሁ፣ ከመውጣትህ በፊት ብቅ በል” ይበቃል። ምን እንዳላችሁ ይጻፉልኝ፤ እጠብቃለሁ።